የፕራዶ 90 የኋላ ኳኳታ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ፣ ባሕር ዳር

መኪናው ቶዮታ ላንድክሩዘር ፕራዶ ነው፤ ከ1996 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. የተመረተው የ90 ተከታታይ፣ ባለ አምስት በር፣ ናፍታ፣ የእጅ ማርሽ። የኋላ እግሩ አንድ ወጥ አክስል (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኝ ብረት) ሲሆን በሁለት ሞላ ላይ ይቀመጣል። ሁለት የታችና ሁለት የላይ አርሞች (ማያያዣ ክንዶች) አክስሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ይይዙታል። ላተራል ሮድ የሚባለው አንድ አግዳሚ ዘንግ ደግሞ ወደ ጎን እንዳይሄድ ይይዘዋል። አራቱ አርሞችና ዘንጉ በየጫፋቸው አንድ አንድ ጎሚኒ (ንዝረት የሚችል የላስቲክ ቀለበት) ስላላቸው በጠቅላላው 10 ናቸው። ቅሬታው «ከኋላ ይመታል» የሚል ብቻ ነበር።

መስከረም 14፦ ድምፁን መለየት

ቁልፍ ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰዓት መንዳት። ሦስት የተለያዩ ድምፆች ተገኙ፤ ሥራውን ሁሉ የወሰነው ይህ ነው።

ሀ) በኮብልስቶን ላይ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲኬድ የማያቋርጥ ቀጭን ኳ ኳ ኳ።
ለ) ሲነሳና ፍሬን ሲያዝ አንድ ጊዜ ብቻ ወፍራም ድው። መሪ በፍጥነት ወደ ግራና ቀኝ ሲዞርም ይመጣል።
ሐ) ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ቀስ ተብሎ ሲወጣ ሲጢጥ የሚል፤ ጠዋት በጤዛ ጊዜ የለም፣ ቀን ሲሞቅ ይመለሳል።

ሦስቱን አንድ ድምፅ አድርጎ አንድ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ግማሹን የመለዋወጫ ሱቅ ገዝቶም አይጨርስም።

የጉብታ ፈተናው ቀላል ነው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ጉብታ ላይ ሲወጡ ስታብላይዘር ባሩ (መኪናው እንዳያጋድል የሚይዘው ዘንግ) አይጠመዘዝም፤ በመያዣ ጎሚኒዎቹ ውስጥ ብቻ ይዞራል። ጉብታው በሰያፍ ሲወጣና አንዱ ጎማ ቀድሞ ሲነሳ ግን ባሩ ይጠመዘዛል፣ ሊንኮቹም (የባሩ አጭር ማያያዣ ዘንጎች) ይጫናሉ። ድምፅ (ሀ) በሰያፍ ሲወጣ እጥፍ ሆነ፣ በእኩል ሲወጣ ጠፋ ለማለት ይቻላል። ወደ ሊንኩ ያመለከተ ነበር፤ ግን ምልክቱ ተጽፎ ቀረ፣ ማንም አልተከተለውም (መስከረም 17ን ይመልከቱ)።

የጎማ ንፋስ 42 ፒኤስአይ ሆኖ ተገኘ። እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጎማ ትንሹን ልቅነት ሁሉ አጉልቶ ያሰማል። በሾፌሩ በር ጎን ባለው ሰሌዳ መሠረት ተስተካከለ።

መስከረም 15፦ ከእግር በፊት ቦዲው

ወጪ የለውም፣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በዚህ መኪና ላይ ስኮርታ ጎማው የተንጠለጠለው በኋላ በሩ ላይ ነው፤ በሩም ወደ ጎን የሚከፈት ስለሆነ ክብደቱን ሁሉ ማጠፊያዎቹና መቆለፊያው ይሸከማሉ። ከዓመታት በኋላ በሩ ይወርዳል፣ መቆለፊያው ይላላል፣ ድምፁም ከታች የመጣ ይመስላል።

የተደረገው፦ ስኮርታው ወርዶ መኪናው ተነዳ። ክሪኩ፣ ቁልፎቹና የኋላ ወንበሮቹ ወጡ። የማርሚታው ማንጠልጠያ ላስቲኮች በእጅ ተወዘወዙ፤ አንዱ ተቀድዶ የጭስ ማውጫ ቱቦው ሻንሲውን (የመኪናውን የብረት አጽም) ይነካ ስለነበር ከአሮጌ ከነማዳሪ (የጎማ የውስጥ ቱቦ) ቁራጭ ተቆርጦ በሽቦ ለጊዜው ታሰረ። የእጅ ፍሬን ገመድ መያዣዎች ታዩ፣ ደህና ናቸው።

ስኮርታው ሲወርድ ድምፅ (ሀ) በጥቂቱ ቀነሰ። የበሩ መቆለፊያ ተቀባይ ብረት ሁለት ሚሊ ያህል ወደ ውስጥ ተገፍቶ ተጠበቀ፤ አሁን በሩ ሲዘጋ ጎማ ማኅተሙን ጨምቆ ነው የሚቆለፈው። የቀረው ድምፅ እውነተኛ የእግር ድምፅ ነው ተብሎ ተወሰደ።

መስከረም 17፦ ሾክ ተቀየረ (ስህተት ቁጥር 1)

የግራው ሾክ አብዞርበር (የሞላውን ንዝረት የሚያበርድ ዕቃ) ዘይት አፍስሷል። ላዩ ላይ ቀጭን የዘይት እርጥበትና አቧራ ብቻ ቢሆን ማለፍ ይቻላል፤ ይህ ግን እስከ ታችኛው ዐይን ወርዶ ያንጠባጥባል። ሁለቱም ተገዙ፦ 17,000 ብር።

ሾኩ መቀየር ነበረበት፤ ስህተቱ ኳኳታው ከእሱ ነው ብሎ መነሳቱ ላይ ነው። ያረጀ ሾክ መኪናውን ያወዛውዘዋል፣ ጎማውን ያዘልለዋል፤ ጎሚኒው እስካልተበላና ውስጡ እስካልተሰበረ ድረስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኳኳታ አያወጣም። መሞከሪያው ነፃ ነው፦ የታችኛውን ቡሎን አውጥቶ፣ ሾኩን ወደ ጎን በሽቦ አስሮ፣ በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግቢ ውስጥ መንዳት። ድምፁ ካለ ሾኩ ንጹሕ ነው። ይህ ሙከራ የተደረገው ከገንዘቡ በኋላ ነው።

በዚያ ላይ አዲስ ድምፅ ተጨመረ። የሾኩ የላይኛው ጫፍ ጥርስ ያለው ዘንግ ሆኖ ከቅንፉ በላይና በታች ላስቲክና ሮንዴላ (መሐሉ የተበሳ ክብ ብረት) ይይዛል። ሮንዴላው ጎድጓዳ ነው፤ ጉድጓዱ ወደ ላስቲኩ መዞር አለበት። በቀኙ በኩል አንዱ ተገልብጦ ስለገባ ላስቲኩ ወደ ጎን ሸሸ፣ ብረት ከብረት ጋር ተገናኘ። ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ ጥርት ያለ ቅ ቅ። ተፈትቶ እንደገና ተገጠመ፣ ጠፋ። ዳዶው ላስቲኩን እስኪያፈርጥ ድረስ አይጠበቅም፤ በመመሪያው ልክ ብቻ።

ውጤት፦ መኪናው ከጉብታ በኋላ መንሳፈፉን ተወ። ሀ፣ ለ እና ሐ እንዳሉ ናቸው።

መስከረም 18፦ ስታብላይዘሩን ማውለቅ

ወደ መጀመሪያው ቀን ማስታወሻ ተመለስን። ሁለቱም ሊንኮች ተፈትተው ባሩ ከሻንሲው እንዳይጋጭ ወደ ላይ ታሰረ። በዚያው ኮብልስቶን፣ በዚያው ፍጥነት፦ ድምፅ (ሀ) ሙሉ በሙሉ ጠፋ። አሥራ አምስት ደቂቃ የፈጀ ምርመራ።

ለሙከራ ያለ ስታብላይዘር መንዳት ይቻላል፤ ነገር ግን መኪናው በማዞሪያ ላይ በጣም ያጋድላል፣ ስለዚህ በከተማ ውስጥ፣ በዝግታ፣ ያለ ጭነት።

ሊንኩን መኪናው ላይ እንዳለ በእጅ ማወዛወዝ ብዙ ጊዜ ያታልላል፤ ባሩ ወጥሮ ስለሚይዘው የተበላው እንኳ ጠንካራ ይመስላል። አንዱን ጫፍ ፈትቶ ማየት ይሻላል። የወጡት ሊንኮች በሁለት ጣት ሲያዙ እንደ ቃጭል ያንኳኳሉ።

ሁለት አዲስ ሊንክ 3,600 ብር፣ ሁለት የባር መያዣ ጎሚኒ 900 ብር። የሊንኩ ዳዶ ሲጠብቅ ዘንጉ አብሮ ይዞራል፤ ጫፉ ላይ ባለው ቀዳዳ አለን ቁልፍ ገብቶ መያዝ አለበት። ያንን ትቶ በፒንሳ የያዘ ሰው የአቧራ መከላከያ ላስቲኩን ይቀድዳል፣ በአንድ ክረምትም ጭቃ ይገባበታል።

መስከረም 20 እና 21፦ ወፍራሙ ድው ከየት ነው?

ሲነሳና ፍሬን ሲያዝ የሚመታ ድምፅ ዋና ተጠርጣሪዎች አራት ናቸው፦ የካርዳኑ (ጉልበት ወደ ኋላ የሚያደርሰው ዘንግ) ክሮቼራ ማለትም የመስቀል መጋጠሚያ፣ የዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) ጥርስ ክፍተት፣ የአርም ጎሚኒ፣ የላተራል ሮድ ጫፍ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጉልበት ሲተላለፍባቸው ነው የሚመቱት። ስለዚህ ጉልበቱን ማውጣት።

ለዚህ የቤዛዊት ቁልቁለት ተመረጠ። ሞተሩ እንደበራ (ቢጠፋ ፍሬኑ ይከብዳል)፣ ማርሹ ፎሌ ላይ (ከማርሽ ውጪ)፣ በ15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየተንከባለለ ፍሬኑ በአጭር በአጭሩ ይነካል። ድው፣ ድው፣ ድው። ካርዳኑ ጉልበት ሳያስተላልፍ ድምፁ ስላለ ምክንያቱ አክስሉ ራሱ ከቦታው መንቀሳቀሱ ነው። ወደ ኋላ ከተነዳ በኋላ በመጀመሪያው ፍሬን ላይ አንድ ቀላል ቅ ማለት ግን የድራም ፍሬን ሸራዎች ቦታ መያዝ ነው፤ አይቆጠርም።

ክሮቼራዎቹም ታዩ። የፊት ጎማዎች ተደግፈው፣ ማርሽ ፎሌ፣ ካርዳኑ በእጅ ወደ ግራና ቀኝ ሲጠመዘዝ መስቀሉና ጆሮዎቹ መካከል ልቅነት የለም። ዲፈረንሻሉ ጥቂት ክፍተት አለው፤ በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ነው፣ አልተነካም።

ከዚያ መኪናው በጋራዥ ጉድጓድ (ከሥር መመርመሪያ) ላይ ቆመ። ጎማዎቹ መሬት እንደረገጡ፣ የመኪናው ክብደት አርሞቹ ላይ እንዳለ መመርመር ነው ቁም ነገሩ። አክስሉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሲታይ ላስቲኩ በሌላ አቅጣጫ ስለሚወጠር የተቀደደውም ይሸሸጋል። አንድ ሜትር ያህል የመፈንቀያ ብረት በአርሙ ዐይንና በቅንፉ መካከል ገብቶ ተገፋ።

የታች አርሞች፣ በአክስል በኩል፦ ሁለቱም ላስቲኮች ከውስጠኛው ቱቦ ተላቅቀዋል፤ ወደ 5 ሚሊ ይሄዳሉ። በሻንሲ በኩል የግራው ተሰንጥቋል፣ የቀኙ ይሻላል። የላይ አርሞቹ አራት ጎሚኒዎች ላይ ላዩን የተሰነጠቀ ላስቲክ አላቸው እንጂ መላቀቅ የለም፤ እንዲቆዩ ተወሰነ። ላተራል ሮድ፦ ሁለት ሰው መኪናውን ከኋላ ከጣሪያው ጎን ገፋ መለስ ሲያደርገው በሻንሲ በኩል ያለው ቡሎን ራሱ በቅንፉ ቀዳዳ ውስጥ ሲንቀሳቀስ በዓይን ይታያል። ቡሎኑ ዙሪያ ያንጸባረቀ ብረትና ቀይ የዝገት ዱቄት አለ። ይህ ምልክት ባለበት ብረት ከብረት ጋር እየተፋጨ ነው፣ ጎሚኒ ብቻ ቀይሮ መዝጋት አይሆንም።

የተገዛ፦ 6 ጎሚኒ (የታች አርም 4፣ ላተራል ሮድ 2)፣ እያንዳንዱ 1,100፣ በጠቅላላው 6,600 ብር። እዚህ የተገኘው አንድ ዓይነት ብቻ ስለነበረ ቀሪው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ፤ አራት ቀን ጠፋ። ቀይ ፖሊዩሬቴን ጎሚኒ ቀርቦ ነበር፣ አልተወሰደም። ለጠፍጣፋ አስፋልት ይሆናል፤ በጢስ ዓባይና በዘጌ መንገድ አክስሉ በሰያፍ መጠማዘዝ አለበት፣ ያንን የሚፈቅደው ለስላሳ ላስቲክ ነው። ጠንካራው ጭነቱን ወደ ቅንፎቹ ያስተላልፋል፣ ግሪሱ ሲደርቅም ይጮኻል።

መስከረም 26፦ ቡሎን ማውጣት

ከሥራው ሁሉ ከባዱ። ከባሕር የሚመጣ ጨው እዚህ የለም፤ ጣና ጨው አልባ ውኃ ነው። ቡሎኑን የሚያስረው የክረምት ጭቃ በጎሚኒው የውስጥ ቱቦና በቡሎኑ መካከል ገብቶ ዓመታት መዛጉ ነው። ዳዶው ይፈታል፣ ቡሎኑ ግን ከቱቦው ጋር አንድ ብረት ሆኗል፤ ሲዞር ላስቲኩም አብሮ ይዞራል።

የተሞከረው በቅደም ተከተል፦ ዋዜማውን የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ፤ ዳዶው ጥቂት ጥርስ እንደያዘ በ2 ኪሎ መዶሻ መምታት (ዳዶ ሳይኖር መምታት ጥርሱን ያበላሻል)፤ ረጅም ቱቦ በቁልፉ ላይ አድርጎ ማጠፍና መመለስ። ስድስቱም ሲቆጠሩ ሦስት የአርም ቡሎኖች አልወጡም። እሳት አልተጠቀምንም፤ የፍሬን ቱቦና የነዳጅ ታንከሩ ሩቅ አይደሉም። በቅንፉና በአርሙ ዐይን መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ቀጭን የግራይንደር ዲስክ ገብቶ ቡሎኖቹ በሁለቱም በኩል ተቆረጡ። ቅንፉን ላለመንካት አንድ ቡሎን 25 ደቂቃ ወሰደ።

ከዚህ በፊት መደረግ ያለበት፦ መኪናው በሻንሲው ላይ በመቆሚያ ብረቶች፣ አክስሉ በሌላ ክሪክ፣ የፊት ጎማዎች በድንጋይ። አርም የሚወጣው አንድ በአንድ ነው፤ ሁለቱም የታቾቹ በአንድ ጊዜ ከወጡ አክስሉ ይገለበጣል። ከአክስሉ ጋር የተያያዙ ሦስት ነገሮች ይታዩ፦ የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ የዲፈረንሻል መተንፈሻ ቱቦ፣ እንዲሁም በጭነት መጠን የኋላ ፍሬኑን የሚያስተካክለው ቫልቭ ዘንግ። የዚህ ዘንግ ርዝመት ሲፈታ ቢቀየር የኋላ ፍሬን ኃይል ይቀየራል፤ ጥርሱ ላይ በቀለም ምልክት ተደረገ።

መስከረም 27፦ ጎሚኒ ማውጣትና መክተት፣ የቡሎን ጉዳይ (ስህተት ቁጥር 2)

ከመውጣቱ በፊት የእያንዳንዱ ጎሚኒ አቀማመጥ አርሙ ላይ በኖራ ተሠመረ፤ ላስቲኩ ውስጥ ክፍተት ያለው ጎሚኒ በዘፈቀደ አይገባም። ቶርኖ ቤት ፕሬስ ላይ፣ ለአንድ ጎሚኒ 200 ብር፣ 1,200። አንዱ በፕሬስ አልወጣ ሲል ላስቲኩ ተቦርቡሮ የውጭ ቆርቆሮው በሴጌቶ አንድ ቦታ ላይ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ በመዶሻ ወጣ። ላስቲኩን ማቃጠል ፈጣን ነው የሚሉ አሉ፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ አያስፈልግም። ሲገባ የሚገፋው የውጭው ቀለበት ብቻ ነው፤ መሐሉን የገፋ አዲሱን ጎሚኒ እዚያው ቀደደው።

ለተቆረጡት ቡሎኖች ምትክ መጀመሪያ ከሱቅ የመጡት እስከ ራሱ ድረስ ጥርስ ያላቸውና 8.8 (የጥንካሬ ደረጃ) የተጻፈባቸው ነበሩ፤ 400 ብር ባከነ። ሁለት ችግር አለባቸው። አንደኛ ጥንካሬያቸው ያነሰ ነው። ሁለተኛውና የባሰው፣ ቅንፉ ቀዳዳ ውስጥ የሚያርፈው ለስላሳ አካል ሳይሆን ጥርስ ይሆናል፤ ጥርስ ደግሞ እንደ ሞረድ ነው። የላተራል ሮዱ ቡሎን ሲወጣ የታየው በትክክል ይህ ነው፦ ከዚህ በፊት አንድ ሰው ሙሉ ጥርስ ቡሎን ከትቶ ቀዳዳውን በልቶታል። 10.9 የተጻፈባቸው፣ አካላቸው ለስላሳ የሆነ አራት ቡሎኖች (ሦስት ለአርም፣ አንድ ለላተራል ሮድ) 1,400 ብር። በቡሎኑ አካል ላይ ቀጭን ግሪስ ተቀባ፤ ላስቲኩ ላይ አይደለም፣ የማዕድን ግሪስ የተፈጥሮ ላስቲክን ያሳብጣል።

መስከረም 28፦ የተበላው ቀዳዳ

በካሊፐር፦ የቡሎኑ አካል 14 ሚሊ፣ ቀዳዳው ወደ ጎን 15.8። ወፍራም ቡሎን መክተት አይሆንም፤ የጎሚኒው ቱቦ ለ14 ነው። መፍትሔው፦ ከ5 ሚሊ ላሜራ ተቆርጦ ቶርኖ ላይ በልኩ የተበሳ ሮንዴላ በቅንፉ ሁለት ጆሮዎች የውጭ ፊት ላይ መበየድ። ቦታውን በትክክል ለማግኘት ያልተበላው የቀዳዳው ጠርዝ እንደ መነሻ ተወስዶ፣ አሮጌ ቡሎን በሁለቱም ሮንዴላዎች ውስጥ አልፎ ቀጥ ማለቱ ታየ፤ ከዚያ በነጥብ ተያዘ፣ እንደገና ተለካ፣ ተበየደ።

ከብየዳው በፊት ዘንጉና ጎሚኒው ወጡ፣ የባትሪው ሁለቱም ገመዶች ተፈቱ፣ የመሬት መያዣው ከቅንፉ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ታሰረ፣ ታንከሩና ቱቦዎቹ በረጠበ ብርድ ልብስ ተሸፈኑ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብ ቆመ። 1,500 ብር። ሲቀዘቅዝ ፀረ ዝገትና ጥቁር ቀለም።

መስከረም 29፦ ማጥበቅ (ስህተት ቁጥር 3)

ዘንጉን ሲመልሱ አክስሉ ወደ ጎን ስለሄደ ቡሎኑ ቀዳዳውን አያገኝም። በመዶሻ አይገባም፤ አክስሉ ከሻንሲው ጋር በጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ተስቦ በእጅ እስኪገባ ይጠበቃል።

ስህተቱ፦ የግራው የታች አርም አክስሉ እንደተንጠለጠለ ሙሉ በሙሉ ተጠበቀ። ይህ ዓይነት ጎሚኒ በቡሎኑ ላይ አይሽከረከርም፤ የውስጥ ቱቦው በቅንፉ ተጨምቆ ይያዛል፣ እንቅስቃሴውን የሚችለው ላስቲኩ በመጠምዘዝ ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ መኪናው መሬት ሲነካ ላስቲኩ ቆሞም ተጠምዝዞ ይኖራል፣ ጉብታ ሲጨመርበት ከአቅሙ ያልፋል። አዲስ ጎሚኒ በጥቂት ወራት የሚቀደድበት የተለመደ ምክንያት ይኸው ነው፤ ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ በዕቃው ጥራት ይሳበባል። ምልክቱም ታየ፦ መኪናው ሲወርድ የግራው የኋላ ጎን ከቀኙ 12 ሚሊ ከፍ ብሎ ቆመ።

ስድስቱም ቡሎኖች እንዲላሉ ተደረገ። መኪናው በጎማው ጉድጓድ ላይ ቆሞ፣ ከኋላ በሰው ክብደት ብዙ ጊዜ ተነቀነቀ፣ ከዚያ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቅ ኃይልን በሚለካ ቁልፍ) በመመሪያው ልክ ተጠበቀ። ልዩነቱ ወደ 3 ሚሊ ወረደ። ጉድጓድ የሌለው ሰው ሻንሲውን በመቆሚያ ይዞ አክስሉን በክሪክ ከፍ ያድርግ፤ መኪናው ከመቆሚያው ሊነሳ ሲል ያለው ከፍታ ለዚህ ይበቃል።

ጥቅምት 2፦ ሲጢጡ

ድምፅ (ለ) የለም። ድምፅ (ሐ) አለ። አብዛኞቹ ጎሚኒዎች አዲስ ስለሆኑ ተጠርጣሪው ጠበበ። የውኃ ጠርሙስ ክዳኑ ተበስቶ አንድ በአንድ ተረጨ፦ የባር መያዣዎች፣ ለውጥ የለም፤ የላይ አርሞች፣ የለም፤ የቀኝ ሞላ የላይኛው መቀመጫ ሲረጥብ ጸጥ አለ። በጠዋት ጤዛ የሚጠፋበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ሞላው ወጣ (ሾኩና ሊንኩ ከታች ተፈትተው፣ አክስሉ በዝግታ ወርዶ)። የላይኛው ላስቲክ ተፈጭቶ ሞላው ብረቱን ነክቷል፤ የታችኛው መቀመጫ ውስጥ ሁለት እፍኝ የደረቀ ጭቃ። ሞላዎቹ እስከ ጫፍ በሽቦ ብሩሽ ተጠረጉ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው በጭቃው ውስጥ የሚሸሸገው የመጨረሻው ዙር ነው። ሁለቱም ደህና። ሁለት ላስቲክ 1,800 ብር፣ ከመግጠም በፊት ጥቂት የሲሊኮን ቅባት። የሞላው ጫፍ መቀመጫው ላይ ባለው ደረጃ ላይ በትክክል ማረፉ በእጅ ተዳሰሰ።

ጥቅምት 4፦ የመንገድ ሙከራ

ወደ ጢስ ዓባይ፣ ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሲኬድ ባዶ፣ ሲመለስ ሁለት ኩንታል አሸዋ ተጭኖ። ባዶ ሆኖ የሚመታና ሲጫን የሚጠፋ ድምፅ የሞላ መላላት ወይም የሾክ ሙሉ በሙሉ መወጠር ምልክት ስለሆነ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ምንም የለም። ሲነሳ በጣም ቀጭን ቅ ቀርቷል፤ የዲፈረንሻሉ ነው፣ ፎሌ ላይ አይመጣም።

ወጪ በጠቅላላው 34,400 ብር ከጉልበት በቀር። ከዚህ ውስጥ ድምፆቹን ያጠፋው 17,000 ነው፤ ሾኩ 17,000፣ የባከነው ቡሎን 400።

ጥቅምት 23፦ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ

ቡሎኖቹ በቶርክ ቁልፍ ተፈተሹ። አምስቱ አልተንቀሳቀሱም፣ የላተራል ሮዱ የሻንሲ በኩል ሩብ ዙር ገባ፤ በብየዳው ሮንዴላ ላይ ያለው ቀለም ስለተጨፈለቀ ነው። ዳዶውና ቅንፉ ላይ ነጭ መሥመር ተሠመረ። በ1,000 ኪሎ ሜትር መሥመሩ ከተዛነፈ ቀለሙ ተፍቆ ዳዶው በአዲስ ይተካል።